ማዛጋቴ ምናቸው ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ዕቃ አድራሽ ሾፌር ነኝ። የምነዳት መኪና ላይ የተገጠመው ካሜራ ከመንገዱ ይልቅ እኔን ነው የሚጠብቀው። ባለፈው ሳምንት ከጎን የመጣብኝን ብስክሌተኛ ለማየት ወደ ስፖኪዮው ዞር ስል «ተዘናግተሃል» ብሎ ጮኸብኝ፤ የሥራ ነጥቤም ቀነሰ። አገጬን ካከክሁ ደግሞ ስልክ ያነሳሁ ይመስለዋል።

አሠሪዎቼ መኪናዋ የት እንዳለች ይከታተሉ፣ ንብረታቸው ናት። ማዛጋቴ ግን ምናቸው ነው? (ቡና ሳልቀምስ በሌሊት ወጥቼ እንዴት አላዛጋ!)

የዕቃ አድራሹ ድርጅት የዩፒኤስ ሾፌሮች በ2023 በሠራተኛ ማኅበራቸው በቲምስተርስ በኩል ተደራድረው፣ ሾፌሩን በቪዲዮ የሚቀርጽ ካሜራ እንዲከለከል በውላቸው አስገብተዋል። የትልቅ ድርጅት ዕቃ እያደረስን በንዑስ ተቋራጭ የተቀጠርነው እኛስ ለማን አቤት እንበል? ተቋራጩ «ያዘዘው ትልቁ ድርጅት ነው» ይላል፤ ትልቁ ድርጅት «ቀጣሪህ እኔ አይደለሁም»።

አንድ ሾፌር፣ ከአሌክሳንድሪያ