ከናፍቆትሽ በቀር

ቶሮንቶ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት አደጉ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህችን መግቢያ ልጆች ሳለን፣ ፊደል ላልቆጠሩ ጎረቤቶቻችን ደብዳቤ ስንጽፍ እንደ ውኃ እናወርዳት እንደነበር ታስታውሻለሽ። ዛሬ ግን "ናፍቆት" የሚለው ቃል ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አራት ዓመት ድምፁን ያጠፋ ሰው ናፍቄሻለሁ ቢል ማን ያምነዋል? ቢሆንም እውነት ነውና አልሰርዘውም።

ዝም ያልኩበትን ከሁሉ አስቀድሜ ልንገርሽ። የእማማን ማረፍ የሰማሁት የሌሊት ተረኛ ሆኜ፣ የማስታምማቸው አሮጊት አልጋ አጠገብ ቆሜ ነው። ሲነጋ ልደውል አልኩ፣ ድምፄ እምቢ አለኝ። ነገ አልኩ። ነገ፣ ነገ እያልኩ ሰልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ከአርባ በኋላ ስልክ አንስቶ ምን ይላል? እፍረቱ ቀን በቀን እየከበደኝ ሄደ። ሌላ ምክንያት የለኝም። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ትናንት ማታ የሆነው ነገር ነው። ሰሞኑን እዚህ የምስጋና በዓል ነው፤ ሐበሻውም እንደ አገሬው ታንክስጊቪንግ ነው የሚለው። በዓሉ በካላንደር ላይ ዛሬ ሰኞ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ግን ማዕድ የሚቀርበው እሑድ ማታ ነው። ሰኞ የመጣው ወደየቤቱ ይመለሳል፣ የተረፈው ሥጋ ሳንድዊች ይሆናል፣ አጥንቱም ለሾርባ ይጣዳል። እኔ ባለፉት ዓመታት ይህን ቀን ሥራ ስገባ ነው ያሳለፍኩት፤ በበዓል ቀን የሰዓቱ ክፍያ አንድ ተኩል ስለሆነ አልተወውም ነበር። ዘንድሮ ግን አብራኝ የምትሠራ ነርስ "እናትና አባቴ ቤት ካልመጣሽ ሞቼ እገኛለሁ" አለችኝ። ወላጆቿ ገበሬዎች ናቸው። አገራቸው ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከፒተርቦሮ ከተማ ወዲያ ነው።

መንገዱን ብታይው! ባንዲራቸው ላይ ያለው የሜፕል ቅጠል በዚህ ሰሞን ነው የሚቀላው። ቀኑ ሲያጥርና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ዛፉ አረንጓዴውን ቀለም መሥራት ያቆማል፤ ከሥሩ ተደብቆ የነበረው ቢጫ ይወጣል፣ ቀዩን ደግሞ ዛፉ ያን ጊዜ አዲስ ይሠራዋል። ኮረብታው ሁሉ የደመራ ፍም መስሎ ነበር። የዱር ዝይዎች በሰልፍ እየጮኹ ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። እኛ ዘንድ መስከረም ጠብቶ ምድሩ አደይ ሲለብስ ዓመቱ ገና መጀመሩ ነው። እዚህ ግን ይህ ሁሉ ድምቀት ስንብት ነው፤ ጥቂት ሳምንት ቆይተሽ ብትመጪ ባዶ ቅርንጫፍ ነው የምታገኚው። በዓሉ ከአሜሪካኖቹ በፊት የሚውለውም ለዚህ ይመስለኛል። እነሱ የኖቬምበርን አራተኛ ሐሙስ ይጠብቃሉ፤ እዚህ ግን ብርዱ ስለሚቀድም መከሩም ቶሎ መግባት አለበት።

አንቺ የታሪክ አስተማሪ ነሽና "ማን ጀመረው? መቼ?" ሳትዪ እንደማታሳልፊኝ አውቃለሁ። የበዓሉ ምግብ የሆነው ተርኪ፣ ትልቅ ዶሮ የመሰለ ወፍ ነው፣ ምድጃ ውስጥ ገብቶ አራት ሰዓት ከምናምን ስለቆየ የቤቱ ጌታ ብዙ አጫወቱኝ፤ ቀሪውን ማታ አንብቤ አሟላሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከ1578 ነው። ማርቲን ፍሮቢሸር የሚባል እንግሊዛዊ 15 መርከብ አስከትሎ ዛሬ ኑናቩት ወደሚባለው የሰሜን ጫፍ መጣ። ማዕበልና በረዶ በታተናቸው፤ አንዱን መርከብ የበረዶ ቋጥኝ ሰብሮ አሰጠመው። የተረፉት ተፈላልገው ሲገናኙ ቄሳቸው አስተማሩ፣ ቆረቡ፣ አመሰገኑ። የበሉት ጨው የበዛበት የበሬ ሥጋ፣ ደረቅ ብስኩትና አተር ነው። ወርቅ ነው ብለው ቆፍረው የጫኑት ድንጋይም እንግሊዝ ሲደርስ ዋጋ ቢስ ሆኖ ተገኘ። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ይህ ከዛሬው በዓል ጋር ዝምድና የለውም ይላሉ፤ እውነትም መከር የሚባል ነገር የለበትም። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ ይኸኛው ነው ልቤ የገባው። እህል ስለበዛለት ሳይሆን ወንድሙን በሕይወት ስላገኘ የሚያመሰግን ሰው ታየኝ።

ቀጥሎ ፈረንሳዮቹ አሉ። ሻምፕላን የሚባለው አሳሽና ጓደኞቹ በመጀመሪያው ክረምታቸው ግማሽ ያህል ሰው በድድ ደም በሽታ አለቀባቸው። በኋላ ፖርት ሮያል ላይ፣ 1606 መሆኑ ነው፣ ሰው በጭንቀትና በረሃብ እንዳያልቅ ተራ ገብተው ግብር የሚያበሉበት ማኅበር አቋቋሙ። የአገሩ ባለቤቶች ሚክማኮችም፣ ከነአለቃቸው ከመምበርቱ፣ እማዕዱ ላይ ይቀመጡ ነበር። ተራ ገብቶ ማብላት ሲሉኝ የእማማ የሚካኤል ማኅበር ትዝ አለኝ። ልዩነቱ፣ ጽዋው የሚዞረው በጠላ አልነበረም።

መንግሥት በይፋ ያወጀው በኋላ ነው። ካናዳ በ1867 ከተመሠረተች ወዲህ የመጀመሪያው የምስጋና ቀን በ1872 የተከበረው የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ ከጽኑ ሕመም ስለዳነ ነበር። ከ1879 ጀምሮ በየዓመቱ ሆነ፤ ቀኑ ግን አልጸናም፣ በየዓመቱ በአዋጅ ይነገር ነበር። እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 1957 ድረስ እንዲህ ቆይቶ፣ ያን ዕለት የኦክቶበር ሁለተኛ ሰኞ፣ ካናዳ ስለተባረከችበት መከር ለሁሉን ቻይ አምላክ ምስጋና የሚቀርብበት ቀን ይሁን ተባለ። ሁሉም ክፍለ ሀገር እኩል አይዘውም። ፖርት ሮያል ያለችበት ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ እንኳ ቀጣሪ የዕረፍት ቀን አድርጎ እንዲከፍል ሕግ አያስገድደውም። ኬቤክ በሚባለው ክፍለ ሀገርም በዓሉ ቀዝቀዝ ይላል።

አንዱ ነገር ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከ1921 እስከ 1930፣ የሞቱት ወታደሮች የሚታሰቡበት ቀንና የምስጋና ቀን በሕግ በአንድ ሰኞ ይውሉ ነበር። አስቢው፣ ጠዋት ለልጃቸው አልቅሰው ማታ ስለ ስንዴው የሚያመሰግኑ እናቶች። አልሆነላቸውም መሰል በ1931 ለያዩአቸው። እኔ ግን ትናንት ማታ መለየት አቃተኝ።

ወደዚያው ልመለስ። ተርኪው ስምንት ኪሎ ነው። በረዶው እንዲለቅ ከረቡዕ ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጧል። ሆዱ ውስጥ ዳቦ፣ ሽንኩርትና ሰልሪ በቅጠላ ቅጠል ታሽቶ ይጨመራል፤ የሚንጠባጠበው ስብ ደግሞ ግሬቪ ለሚሉት መረቅ ይሆናል። እኛ አንዲት ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አውጥተን፣ የማን ድርሻ የቱ እንደሆነ ተለይቶ የምናቀርብ ሰዎች ነን፤ እነሱ ድፍኑን ያመጡትና አባት ቆሞ እየሸረከተ ያድላል። የተፈጨ ድንች በቅቤ፣ ክራንቤሪ የሚባል ጎምዛዛ ቀይ ፍሬ፣ በመጨረሻ በቀረፋና በዝንጅብል የተጋገረ የዱባ ኬክ አለ። ተርኪውንና ዱባውን ወደ ሰሜን ያመጡት፣ በአሜሪካ አብዮት ጊዜ ከንጉሡ ጋር ቆመው የተሸነፉና ተሰደው የመጡ ሰዎች ናቸው ይባላል። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። የአገሬው ባህል ብዬ ዳር ዳር የምለው ማዕድ ለካ ስደተኛ ነው ያነጠፈው።

እኔ ግን ጾመኛ ነኝ። ጽጌ መስከረም 26 ስለሚገባ በዓሉ መቼም ቢውል ከጾሙ አያመልጥም። ጽጌን መጾም የተማርኩት ከማን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። "የፈቃድ ነው ልጄ፣ ግድ አይልሽም፤ ግን እመቤታችን ልጇን አዝላ በግብፅ በረሃ የተንከራተተችበት ነው" ይሉን ነበር። ነርሷ ለእናቷ ነግራ ኖሮ ሴትዮዋ ለብቻዬ ዱባ፣ በቆሎና ባቄላ በዘይት ሠርተው ጠበቁኝ። ሦስቱ እህትማማቾች ይባላሉ አሉኝ። ፈረንጅ ሳይመጣ በፊት እዚህ ያርሱ የነበሩት ሆዴኖሾኒ የሚባሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች አንድ ጉብታ ላይ አብረው ይዘሯቸው ነበር። ባቄላው በበቆሎው አገዳ ይወጣል፣ አፈሩንም ያዳብራል፤ የዱባው ቅጠል ከታች ተንጣሎ አረሙን ይከለክላል፣ እርጥበቱን ይይዛል። እነዚህ ሰዎች ምስጋናን ለአንድ ሰኞ አልተዉትም፤ ሲሰበሰቡ ከሌላ ቃል ሁሉ በፊት ሰውን፣ መሬትን፣ ውኃን፣ ዓሣን፣ ነፋስን፣ ነጎድጓድን፣ ጨረቃን እየጠሩ ያመሰግናሉ፤ በእያንዳንዱ መጨረሻም ልባችን አንድ ሆነ ይላሉ። ይህን ስሰማ አያትሽ እርጥብ ሣርና አደይ አስይዘውን ሆራ አርሰዲ ይወስዱን የነበረው ታየኝ። ሣሩን ውኃው ውስጥ ነክረው ግንባራችን ላይ ሲረጩን እየሳቅን እንሸሽ ነበር። ኢሬቻው ካለፈ ገና ሳምንቱ ነው፤ ሄድሽ ይሆን?

የነዚህን ሕዝቦች ሌላውን ታሪክ ሳልነግርሽ ባልፍ ደግሞ ልክ አይደለም። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ሴፕቴምበር 30፣ ልጆቻቸውን ለማሰብ ብርቱካናማ ቲሸርት እንለብሳለን። ከ150,000 በላይ ልጆቻቸው ከእናት ጉያ እየተወሰዱ ቋንቋቸውን እንዲረሱ በአዳሪ ትምህርት ቤት አድገዋል፤ ያልተመለሱ ብዙ ናቸው። የመጨረሻው ትምህርት ቤት የተዘጋው በ1990ዎቹ ነው፣ እኛ ልጆች ሳለን። በዚህ ምክንያት የምስጋናው ማዕድ የማይዋጥለት ሰው አለ፤ እኔም አልፈርድበትም።

ከምግቡ በፊት በየተራ ሁሉም የሚያመሰግንበትን ይናገራል። አባትየው አኩሪ አተሩ ከዝናቡ በፊት ስለገባላቸው አመሰገኑ። ትንሹ የልጅ ልጅ ስለ ውሻው። ነርሷ ስለ እናቷ ዓይን፣ ዘንድሮ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ነበርና። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ "ጤናዬን፣ ሥራዬን" ብዬ ላሳልፍ ነበር ያሰብኩት። አፌ ግን እማማን ጠራ።

እናቴ ከሞተች በኋላ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እናንተ ቤት ምሳ መብላቴን ነገርኳቸው። መሶቡ ላይ ዓይናፋር ስለነበርኩ፣ እንጀራውን ወደኔ በኩል ገፋ አድርገው "ይኸ ያንቺ ዳር ነው፣ ካልጨረስሽው ማንም አይነካውም" ይሉኝ እንደነበር። ስወጣ በርበሬውን ሦስት ቦታ ጠቅልለው፣ "አንዱ ቢፈስ ሌላው ይተርፍሻል" ማለታቸውን። ከዚያ መቀጠል አቃተኝ፤ አለቀስኩ። በሰው አገር፣ በሰው ማዕድ ላይ፣ አራት ዓመት ያቆየሁትን ለቅሶ አለቀስኩት። ማንም "አይዞሽ፣ በቃ" አላለኝም። አባትየው ቢላዋቸውን አስቀምጠው "ስማቸው ማን ነበር?" አሉኝ። ነገርኳቸው። እየደጋገሙ ለመጥራት ሞከሩ፤ መጀመሪያ ላይ ያለችው "ጸ" አልወጣ አለቻቸው። ሚስትየውም፣ ልጆቹም ሞከሩ። እማማ በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት አመስግኛቸው እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። እንዳመሰገንኳቸው አይታወሰኝም። ብል ኖሮ ደግሞ "ምን ምስጋና ያስፈልገዋል፣ ልጄ አይደለሽም ወይ?" ነበር የሚሉኝ።

እና እህቴ፣ ላንቺም አላልኩሽም። እናትሽን ስላካፈልሽኝ አመሰግንሻለሁ። ያን ጊዜ ድርሻሽ ተቀንሶ ይሆናል፤ አንድም ቀን ፊትሽ ላይ አላየሁትም።

ለኅዳር ሚካኤል ዝክራቸው የምትሆን ጥቂት ነገር በአጎትሽ ልጅ በኩል ልኬያለሁ። ቅዳሜ በናንተ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እደውልልሻለሁ፤ እዚህ ቀትር ነው፣ ሥራ የለኝም፣ የፈለግሽውን ያህል እንቆያለን። ብትቆጪኝም እሰማለሁ። መጨረሻ ላይ ምን አሉ? ማን አጠገባቸው ነበር? የቀብራቸው ዕለት ዘነበ? ሁሉንም ከመጀመሪያው ንገሪኝ።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

የማትረሳሽ እህትሽ