ቀንዱን እዩት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ከሐይቅ ዳር የተነሳ ብላችሁ ያወጣችሁት የነፍሳት ፎቶ በጣም ያምራል። ከስሩ «የውሃ እናት» የሚለው ጽሑፍ ግን ስህተት ነውና ይታረም።

ቀንዱን ልብ ብላችሁ እዩት። የውሃ እናት ቀንዷ አጭርና እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ካልቀረቧት አይታይም። የዚህኛው ረጅም ነው፣ ጫፉም እንደ ክብሪት እንጨት ያበጠ። ፈረንጆቹ «አውልፍላይ» ይሉታል፣ የጉጉት ዝንብ እንደ ማለት ነው።

ነገሩ ያንገበገበኝ በምክንያት ነው። ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ማታ አንዱ በረንዳው መብራት ላይ መጣ። የጎረቤት ልጅ «አንበጣ!» ብሎ ፍሊት ይዞ ሮጠ። አልፈረድኩበትም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንበጣ የወሎን ማሽላ እንዴት እንዳደረገው ሁላችንም አይተናል። ግን እጁን ያዝኩት። ይሄ ፍጥረት እህል አይነካም። ሲመሽ እየበረረ ሌሎች ነፍሳትን አድኖ ነው የሚበላው። ሰውም አይነድፍም።

ጠዋት የቅትክታው አጥር ላይ አገኘነው። ክንፉን አጥፎ፣ ሆዱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ ደረቅ ጭራሮ መስሎ ተቀምጧል። ልጁ ጠጋ ብሎ ዓይኑን አየ። ትልቅ ነው፣ መሃሉ ላይ እንደ ቡና ፍሬ ስንጥቅ አለው። ከዚያ በኋላ ፍሊቱን የጠየቀ የለም።

ልጅ ሆነን በደረቅ አፈር ውስጥ ሾጣጣ ጉድጓድ ቆፍሮ ጉንዳን የሚጠብቀውን ትል በስንጥር እየነካካን እንጫወት አልነበር? የዚያ የቅርብ ዘመድ ነው። የዚህኛው እጭ ግን ጉድጓድ አይቆፍርም። የወደቀ ቅጠል ወይም የዛፍ ልጣጭ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ጀርባውን በጉድፍ ሸፍኖ፣ መንጋጋውን ከፍቶ ያደባል። የውሃ እናት ልጆች ግን የሚያድጉት ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሐይቅ ዳር መገኘቱ ብቻ የውሃ እናት አያደርገውም።

በዓለም ላይ ከ400 በላይ ዝርያ አለው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ከላይ የተነሳ አንድ ፎቶ አይበቃም። የዓይኑ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩ፣ የቀንዱ ርዝመት፣ የክንፉ ጅማትና ነጠብጣብ መታየት አለበት። ፎቶ አንሺያችሁ ከፊትና ከጎን ያነሳው ካለ እባካችሁ ከእርማቱ ጋር አውጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ