ጋና ሬዲዮ ሞልቷታል፤ መረጃስ?

ክቡር አዘጋጅ፣

የአፍሪካ ሚዲያ በተነሳ ቁጥር ጋና ትወደሳለች። እናንተም ብዙ ጊዜ አወድሳችኋታል። ሙገሳው መሠረት አለው። የ1992ቱ ሕገ መንግሥቷ ጋዜጣ ለማቋቋም ፈቃድ አውጡ ብሎ ማስገደድን ይከለክላል (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት)። የግል ሬዲዮ ግን በትግል ነው የመጣው። በ1994 በዋና ከተማዋ አክራ «ሬዲዮ አይ» የተባለ ጣቢያ ያለ ፈቃድ ሥርጭት ጀመረ፤ መንግሥት ዕቃውን ወስዶ ዘጋው፤ ሰው ተቃውሞ ወጣ። በዓመቱ ጆይ ኤፍኤም የተባለ የግል ጣቢያ አየር ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ጣቢያው እንደ አሸን ፈላ።

እኔን የሚቆረቁረኝ ይህ ብዛት ነው። የበርካታ ጣቢያዎች ባለቤት ፖለቲከኛ ወይም የፖለቲከኛ ወዳጅ ነው። እስቲ ከአክራ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዳ እንሂድ። ሬዲዮ አዳ በ1998 የተከፈተ የአገሪቱ የመጀመሪያ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ነው። በዳንግሜ ቋንቋ ለአሣ አጥማጁ፣ ለገበሬው፣ ጨው ለሚለቅሙት ሴቶች ያወራል። የሶንጎር ሐይቅ ጨው የአካባቢው ሰው እንጀራ ነው። ሐይቁ ለአንድ ኩባንያ በሊዝ ሲሰጥ ጣቢያው ነገሩን አነሳ። በ2022 መጀመሪያ ሰዎች ስቱዲዮው ድረስ ገብተው ሠራተኛ ደበደቡ፣ ዕቃ ሰባበሩ። አክራ ላይ መቶ ጣቢያ ቢኖር፣ አዳ ያለችው እናት የጨውን ጉዳይ በቋንቋዋ ከማን ትስማ?

ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ የሚፈቅደው የጋና ሕግም ቢሆን ያው ነው። ረቂቁ በ1999 ተዘጋጅቶ የጸደቀው በ2019 ነው። ሃያ ዓመት! ከጸደቀ በኋላ ደግሞ አንድ የሚዲያ መብት ተሟጋች ድርጅት የሬዲዮ ፈቃዶችን መረጃ ሲጠይቅ፣ የመገናኛ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት 2,000 ሴዲ (የጋና ገንዘብ ነው) ክፈል አለው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በዚህ ዋጋ ተራው ሰው ምን ሊጠይቅ ነው?

በነገራችን ላይ የእኛው የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 (2000 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በአውሮፓ 2008) ከጋናው 11 ዓመት ይቀድማል። አዋጁን ይዞ ወረዳ ሄዶ የበጀት ሰነድ አሳዩኝ ያለ ስንት ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አንድም አላውቅም።

ሌላ ጊዜ ስለ ጋና ስትጽፉ የጣቢያውን ቁጥር በአንድ መስመር እለፉት። ባለቤቱ ማን ነው? በየትኛው ቋንቋ ያወራል? መረጃ ለመጠየቅ ስንት ያስከፍላል? እነዚህን ንገሩን። ስለ እኛም አገር ስትጽፉ እንደዚያው።

አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ