ስለ ብሪጅ ዓምዳችሁ ምክር

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

ስለ ካርታ ጨዋታው በምታወጡት የብሪጅ ዓምዳችሁ «ከግማሽ በላይ ዕድል ከሌለ ጌም አትጥሩ» (ጌም ማለት ሲሳካ ትልቅ ጉርሻ የሚያስገኝ ውል፣ ማለትም ይህን ያህል ዙር እንወስዳለን የሚል ጥሪ ነው) ተብሎ የተሰጠው ምክር ለሁሉም ዓይነት ውድድር እንደማይሠራ ለማስታወስ እወዳለሁ። በቡድን ውድድር፣ ጥንዱ «ቨልነረብል» (የጌም ጉርሻውም ቅጣቱም ከፍ የሚልበት ሁኔታ) ከሆነ፣ ሦስት ኖትራምፕ (ያለ አሸናፊ ቀለም ዘጠኝ ዙር ለመውሰድ የሚገባ ውል) ጠርቶ የተሳካለት 600 ነጥብ ሲያገኝ በአንድ ኖትራምፕ (በሰባት ዙር ውል) ቆሞ ያንኑ ዘጠኝ ዙር የወሰደው 150 ብቻ ያገኛል፤ ልዩነቱ 10 ኢምፕ (በቡድን ውድድር የነጥብ ልዩነት የሚለወጥበት መለኪያ) ነው። የተገኘው ስምንት ዙር ከሆነ ደግሞ ደፋሩ 100 ሲከስር ጠንቃቃው 120 ስለሚያገኝ የሚታጣው 6 ኢምፕ ነው። ስለዚህ ከመቶ 38 ያህል ዕድል ካለ መጥራቱ ያዋጣል። በጥንድ ውድድር ግን የልዩነቱ መጠን ሳይሆን ከሌሎች መብለጡ ብቻ ስለሚቆጠር የጸሐፊው መለኪያ ትክክል ነው።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ስምንት ዙር ያረጋገጠ ተጫዋች ለዘጠነኛው ቶሎ ፊኔስ (የተቃራኒው ታላቅ ካርታ በተመቸ ወገን ይገኛል ብሎ በአነስተኛ ካርታ ዙር ለመውሰድ የሚደረግ፣ ግማሽ ያህል ዕድል ያለው ሙከራ) ይሞክር መባሉ ነው። በአንድ ወገን የክለብ (ከአራቱ የካርታ ቀለሞች የአንዱ) አስ፣ ንጉሥ፣ ንግሥትና አራት ቁጥር፣ በሌላው ሦስት ትናንሽ ክለቦች ካሉ፣ የቀሩት ስድስት ክለቦች በተቃራኒዎቹ መካከል ሦስት ለሦስት የመከፈላቸው ዕድል ከመቶ 36 ያህል ነው፤ ያን ጊዜ አራት ቁጥሯ ዘጠነኛውን ዙር ታስገኛለች። ሦስቱን ታላላቅ ክለቦች አስቀድሞ የተጫወተ፣ ክፍፍሉ ካልሰመረለት ፊኔሱ አሁንም በእጁ ስለሆነ (ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው መሸጋገሪያ ካርታ እስካላባከነ ድረስ) አጠቃላይ ዕድሉ ከ50 ወደ 68 ገደማ ከፍ ይላል። ፊኔሱን ያስቀደመ ግን፣ ከከሸፈበት፣ ተቃራኒዎቹ የከፈቱትን ቀለም ጠራርገው ሊወስዱበት ይችላሉ። እርግጥ ነው፣ ክለቡን ማስቀደም ለተቃራኒው አንድ ክለብ ሊያነግሥለትና ኪሳራውን በአንድ ዙር ሊያሰፋ ይችላል፤ በቡድን ውድድር ግን ይህ ውሉን ከማዳን ጋር የሚወዳደር ዋጋ አይደለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ