መብራቱ ይሸጣል፤ መነሻው ግን የእናንተን እጅ ይፈልጋል

ለሚንጃር ሸንኮራ ልጆች፣ በአገር ቤትም በባሕር ማዶም ላላችሁ።

እንደምን ከረማችሁ? ከአረርቲ ወጣ ብላ በምትገኘው ቀበሌያችን የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ልናቆም ተነሥተናል። መጀመሪያ 100 ኪሎዋት። ኃይሉ ለወፍጮ፣ ለመስኖ፣ ለሱቅ፣ ለጤና ኬላና ለመኖሪያ ቤት ይሸጣል። አዎ፣ ይሸጣል። በነጻ የሚታደል መብራት አላቀድንም፤ ምክንያቱን ወረድ ብለን እንነግራችኋለን። ከእናንተ የምንፈልገው ሥራው በእግሩ እስኪቆም ድረስ የሚያስፈልገውን መነሻ ነው።

ወፍጯችን በናፍጣ እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ናፍጣ ሲኖር ይፈጫል፣ ሲጠፋ በሩ ተዘግቶ ይውላል። እናቶች እህሉን በአህያ ጭነው ይመጣሉ፣ ተራ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ከቀትር በኋላ «አልቋል» ይባላሉ። ከዚያ ወይ እህሉን ጥለው ይሄዳሉ፣ ወይ እስከ ከተማ ይጭናሉ። ቤት የቀሩት ልጆች ያን ቀን ምን እንደሚበሉ ማንም አይጠይቅም።

የሽንኩርቱ ነገር ደግሞ ይብሳል። በበጋ ጠዋት ወንዝ ዳር ብትወርዱ አንድ ወጣት ታያላችሁ። የተቆረጠ ሃይላንድ ይዟል፤ አፉ ላይ የነጠላ ቁራጭ አልብሷል። ከጀሪካን ወደ ውሃ ሞተሩ ቤንዚን የሚቀዳው በዚያ እያጠለለ ነው፤ ቤንዚኑ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ ስለማያውቅ። ከዚያ ገመዱን ይስባል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ሞተሩ ሲነሣ ጭሱ ፊቱ ላይ ነው። ያ ቤንዚን ከማደያ ተነሥቶ እሱ እጅ እስኪገባ ብዙ ሰው አትርፎበታል። ሽንኩርት ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ውሃ የሚፈልገው ቶሎ ቶሎ ነው። የሽንኩርቱ ራስ በሚወፍርበት ሰዓት ውሃ ካጣ ምርቱ ይቀጭጫል፤ ቢሸጥም የነዳጁን ዕዳ አይመልስም። በዚህ ምክንያት መሬቱን አከራይቶ የሄደ ወጣት ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

«የሕዳሴው ግድብ አልቆ የለም እንዴ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከደመወዛችንም ከእህል ሽያጫችንም ቀንሰን ቦንድ ገዝተንለታል፣ ኮርተንበታል። ነገር ግን ኃይል ማመንጨትና ኃይልን ደጃፍ ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ከዋናው መስመር ለራቀና ቤቱ ተበታትኖ ለሰፈረ መንደር ምሰሶው፣ ሽቦውና ትራንስፎርመሩ ከኃይሉ ይልቅ ይወደዳሉ። መንግሥትም ይህን ያውቃል። በ2011 ዓ.ም. ተከልሶ የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም በ2017 ዓ.ም. ሕዝቡን ሁሉ ለማዳረስ ሲያቅድ፣ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ እንደ ሶላር ካሉ ከመስመር ውጭ ከሆኑ ምንጮች እንዲያገኝ ነበር ያሰበው። ጊዜው ደርሷል፤ የአገሪቱ ግማሽ ያህል ሕዝብ ግን አሁንም ኤሌክትሪክ የለውም። እኛም ከዚያ ግማሽ ውስጥ ነን። ስለዚህ ተራችንን ከመጠበቅ የራሳችንን እንጀምር አልን።

ፀሐይ ደግሞ አለችን። የምንኖረው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ገደማ ፀሐይ ቀትር ላይ አናታችን ላይ ትቆማለች። ፓነሉ ብዙ ማጋደል አያስፈልገውም፤ ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ ያህል ዘንበል ቢል ይበቃዋል። ያም ቢሆን ዋናው ጥቅሙ ዝናብ አቧራውን አጥቦ እንዲያወርደው ነው። 100 ኪሎዋት ፓነል በበጋ በቀን ከ400 እስከ 500 ኪሎዋት ሰዓት ያመነጫል ብለን እንጠብቃለን፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ማለት ባለ 1 ኪሎዋት ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው ኃይል ነው። በክረምት በደመናው የተነሣ ይቀንሳል። ግን ልብ በሉ፣ ውሃ የምንስበው በበጋ ነው። በክረምት ሞተሩ ዕቃ ቤት ይገባል። ኃይሉ በሚበዛበት ወቅት ፍላጎቱም ይበዛል፣ በሚያንስበት ወቅት ያንሳል። ለመስኖ አካባቢ ሶላር ይህን ያህል የሚገጥመው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ሶላር ሲባል አምፖል ብቻ ነው የሚታየው። እስቲ አብረን እናስላው። 300 ቤት እያንዳንዱ ባለ 7 ዋት ሦስት አምፖል ቢያበራና በየምሽቱ አራት ሰዓት ቢጠቀም፣ ሁሉም ተደምሮ 25 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ባለ 15 ኪሎዋት የወፍጮ ሞተር ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ይህን ይጨርሰዋል። ከአምፖል በሚሰበሰብ ገንዘብ ማመንጫ አይተዳደርም ማለት ነው። ማመንጫውን የሚያኖሩት ወፍጮው፣ የውሃ ፓምፑ፣ ብየዳ ቤቱና ማቀዝቀዣ ያላቸው ሱቆች ናቸው። እነሱም የሚሠሩት ቀን ስለሆነ ኃይሉን ፀሐይ እያለች በቀጥታ ይወስዳሉ። ይህ ባትሪውን ያሳንስልናል። ባትሪ ደግሞ ከዕቃው ሁሉ ወጪ የሚያበዛ ነው። ውሃውንም ቀን ስበን ከፍታ ላይ ያለ ገንዳ ውስጥ ብናጠራቅመው ገንዳው የባትሪን ሥራ ይሠራልናል።

ቦታው ተመርጧል። ልጅ ሆናችሁ ከብት ያገዳችሁበት ድንጋያማው ሜዳ ነው፤ እርሻ የማይያዝበት። ለመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ ጥማድ ገደማ ይበቃል። ዳር ላይ ያሉት ግራሮች አይቆረጡም፤ ፓነሉ ጥላቸው ከማይደርስበት ገባ ብሎ ይተከላል። ፓነሎቹ በረድፍ ተያይዘው ስለሚሠሩ አንዱ ላይ ያረፈ ጥላ የረድፉን ሁሉ ጉልበት ይቀንሳል።

አሁን ስለ «ይሸጣል» እንነጋገር። ከዚህ ቀደም አካባቢያችን በስጦታ የመጣ የሶላር ውሃ ፓምፕ ነበረው። የሰጡን ሰዎች በቅንነት ነው የሰጡን፤ ስማቸውን ማንሣት አያስፈልግም። ለጊዜው ግሩም ሠራ። አንድ ቀን መቆጣጠሪያው ተቃጠለ። የሚጠግን ባለሙያ አልሠለጠነም፣ መለዋወጫ የሚገዛበት ብር አልተቀመጠም፣ ኃላፊው ማን እንደሆነም አልታወቀም። ፓነሎቹ ዛሬም አሉ። ፀሐይ ይመታቸዋል፣ ውሃ ግን አይወጣም። ከዚህ የተማርነውን ነው የምንሠራው። ፓነል 25 ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ባትሪና ኢንቨርተር (የፓነሉን ኃይል ለቤትና ለሞተር ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) ግን አሥር ዓመት ገደማ ላይ መቀየር ይፈልጋሉ። ያ ቀን ሲመጣ እንደገና እናንተ ደጅ ልንቆም አንፈልግም። ገንዘቡ ከዛሬ ጀምሮ ከሚሸጠው ኃይል ተቀንሶ መቀመጥ አለበት። በየቤቱ የካርድ ቆጣሪ ይገባል፤ ሰው እንደ አቅሙ ይሞላል። ታሪፉን እኛ እንደፈለግን አንቆርጥም፤ በነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ታይቶ የሚጸድቅ ነው። ጤና ኬላው ብቻ የክትባት ማቀዝቀዣውንና የማዋለጃ ክፍሉን መብራት ሳይከፍል እንዲጠቀም የነዋሪው ጉባኤ ወስኗል። ይህ ተገቢ ነው ብለን እናምናለን።

ባለቤቱ የነዋሪው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ነዋሪው አክሲዮን ይገዛል፤ ገንዘብ ያጠረው ለአጥሩና ለመሠረቱ በደቦ ይሠራል። የቀረው የግንባታ ወጪ በብድር ይሸፈናል። ታዲያ ስጦታ ለምን አስፈለገ? ማንም አበዳሪ ጥናትና ፈቃድ ሳያይ ብር አያወጣም። ጥናቱን ለማሠራት ደግሞ ብር ያስፈልጋል። የብዙ ቀበሌ ሐሳብ የሚሞተው እዚች ላይ ነው። ጥናቱ የማይረባ ወረቀት እንዳይመስላችሁ። ማን ስንት ኃይል እንደሚፈልግና ስንት መክፈል እንደሚችል ቤት ለቤት ይጠየቃል። ጥቁሩ አፈራችን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቋሚዎቹ ምን ያህል ጥልቀት እንደሚፈልጉ በቁፋሮ መታየት አለበት። የሽቦው መንገድ ይለካል። የመብረቅ መከላከያና መሬት ውስጥ የሚቀበረው ሽቦ ይነደፋል፤ ክረምታችንን የሚያውቅ ሰው ይህን አይዘልም። የወፍጮ ሞተር ሲነሣ ለቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኃይል ይስባል። ይህ ቀድሞ ካልታሰበበት ወፍጮው በተነሣ ቁጥር መንደሩ ሁሉ ይጨልማል። መፍትሔው ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሣ መሣሪያ መግጠም ነው። በጥናቱ ከተያዘ ቀላል ወጪ ነው፣ ከተረሳ ግን ኢንቨርተር ያስቃጥላል።

ዋናው መስመር ነገ ቢመጣስ? ይምጣ። ምሰሶውንና ሽቦውን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በሚጠቀምበት ደረጃ እንዲዘረጋ የምናደርገው አንዱ ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ሥራችን ከዋናው መስመር ጋር ለመገናኘት ዝግጁ ይሆናል።

ለዚህ መነሻ የሚያስፈልገን 6 ሚሊዮን ብር ነው። ትልቁ ድርሻ ለጥናቱና ለንድፉ ይውላል። ቀጥሎ ለፈቃድ፣ ለአጥርና ለቦታ ዝግጅት። የተወሰነው ሁለት ወጣቶችን ለማሠልጠን ነው፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ ሁለቱም የቀበሌው ልጆች። ይህችን የመጨረሻዋን ወጪ እንዳትንቁብን። የፓምፑን ታሪክ ያነበበ ሰው ለምን እንደምንል ይገባዋል።

የዕቃውን ሙሉ ዋጋ ዛሬ አንቆርጥላችሁም፤ የሚቆርጠው ጥናቱ ነው። በዓለም ገበያ የፓነል ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2020 ባለው ጊዜ 90 በመቶ ገደማ ወርዷል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። በሌላ በኩል ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲሰላ ከብዷል። በውጭ ላላችሁ ግን ይኸው ለውጥ የምትልኩት ዶላር፣ ድርሃም ወይም ሪያል እዚህ ብዙ ሥራ እንዲሠራ አድርጎታል። በባንክ በኩል ላኩልን። በቤሩትና በሪያድ ሰው ቤት እየሠራችሁ የቤተሰብ ወጪ የምትሸፍኑ እህቶቻችን አላችሁ። ከእናንተ በግድ የሚጠበቅ ነገር የለም። ምርቃታችሁም ይበቃናል። የዋሽንግተንና የአዲስ አበባ ልጆች ግን በርታ በሉ፤ በእናንተ ላይ ተስፋ ጥለናል።

ስለ ገንዘቡ አያያዝ መጠየቃችሁ አይቀርም፣ መጠየቅም አለባችሁ። ሂሳቡ በማኅበሩ ስም ነው የተከፈተው። ያለ ሦስት ፊርማ አንድ ብር አይወጣም፤ ከሦስቱ አንዷ የሴቶች ዕድር ሰብሳቢ ናት። በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪው ከነደረሰኙ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ፎቶው በየከተማው ላሉ ተጠሪዎች ይላካል። ሂሳቡን የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ይመረምረዋል። በግለሰብ ስም በተከፈተ ሂሳብ ወይም ቴሌብር «ለሶላሩ» ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ እኛ አይደለንም። አትላኩ። የሂሳብ ቁጥሩን ከምታውቁት የዕድር ሰብሳቢ ወይም ከከተማችሁ ተጠሪ ተቀበሉ፣ በስልክም ደውላችሁ አረጋግጡ። ጥናቱ አዋጭ አይደለም ካለን እውነቱን እንነግራችኋለን፤ ያልወጣው ብርም ጉባኤው ከእናንተ ጋር ሳይመክር ወደ ሌላ ሥራ አይዞርም።

ከገንዘብ ሌላም የምንፈልገው አለ። ከመካከላችሁ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች፣ የሂሳብ ባለሙያዎችና ጠበቆች እንዳላችሁ እናውቃለን። ጥናቱ ሲመጣ በሌላ ዓይን የሚያነብልን፣ ከአቅራቢ ጋር ስንዋዋል የዋስትናውን አንቀጽ የሚያይልን ሰው ያስፈልገናል። ፓነል ሻጭ ሁሉ «25 ዓመት» ይላል፤ ዋስትናው በተግባር ማን ላይ እንደሚወድቅ ውል አንብቦ የሚለይ ባለሙያ ከብዙ ሺህ ብር ኪሳራ ያድነናል። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁንና ሙያችሁን ለከተማችሁ ተጠሪ ስጡ።

የቤት ለቤት ጥያቄው ከመስቀል በኋላ፣ ሰው ከአጨዳ በፊት ቤቱ ሲገኝ እንዲጀመር አስበናል። የአፈሩም ቁፋሮ ዝናቡ እንዳቆመ መሠራት አለበት። ለዚህ የሚሆነው ብር እስከ ጳጉሜ ማብቂያ ሂሳቡ ውስጥ ቢገባልን ጥናቱ በዚሁ በጋ ይጠናቀቃል፤ ከዘገየ ግን አንድ ሙሉ የመስኖ ወቅት እንደገና በቤንዚን ያልፋል።