ዋጋ ቆራጩን ፍለጋ፦ የዓለም ንግድና አካባቢ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ውሎ

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። ክበባችን የፖለቲካ ክበብ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ መምህራን ማረፊያ በገባሁ ቁጥር «የሰልፈኞቹ መምህር መጣ» እየተባልኩ ከርሜያለሁ። ቀልድ መሆኑ አይጠፋኝም። ግን ቀልድ ሲደጋገም ወላጅ ጆሮ ይደርሳል፤ ደረሰም። ኅዳር ላይ አንድ አባት ክፍሌ ድረስ መጥተው «ልጄን ምንድነው የሚያስተምሩት?» አሉኝ። «ስለ ቡና» አልኳቸው። «ስለ ቡናማ ከኔ በላይ ማን ያውቃል?» ብለው ሳቁ።

እውነታቸውን ነው። ዲላ ተቀምጦ ስለ ቡና አስተማሪ ነኝ ማለት ድፍረት ነው። ነገር ግን ዋጋው የት እንደሚቆረጥ ስጠይቃቸው «አዲስ አበባ ነዋ» አሉ። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ክበቡ የተቋቋመው ለዚሁ ጥያቄ ነው።

መስከረም ላይ 34 ተማሪዎች ተመዘገቡ። ጥቅምት ሲገባ 19 ቀሩ። ምክንያቱን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ ቡና ደረሰ። ስለ ቡና ንግድ የሚማር ክበብ አባላቱን በቡና ለቀማ ተነጠቀ። መቅረታቸውን መዝገብ ላይ ጻፍኩ፣ ግን አልተቆጣሁም። ጥር ላይ 27 ሆነን ተገናኘን።

የረቡዕ ስብሰባዎቻችን ቃለ ጉባኤ አላቸው፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ። ባጭሩ፣ ኅዳር ላይ በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ የተደረገው ሰልፍ 25ኛ ዓመቱን ስለያዘ በእሱ ጀመርን። እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ንግድ ድርጅት (አገሮች የሚነግዱበትን ደንብ የሚደራደሩበት ድርጅት) ሚኒስትሮች እዚያ ሲሰበሰቡ ሠራተኛው፣ ገበሬውና የአካባቢ ተቆርቋሪው በአስር ሺዎች ሆኖ መንገድ ዘጋ። የመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ተሰረዘ፤ ድርድሩም ያለ ስምምነት ተበተነ። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ኢትዮጵያ የዚህ ድርጅት አባል ናት?» ያኔ አልነበረችም፤ ካመለከተች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗት ገና እየተደራደረች ነበር። «ታዲያ እኛን ምን አገባን?» ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ሦስት ረቡዕ ወሰደብን። በ1985 ዓ.ም. የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲሄድ፣ ሐምሌ 2016 ደግሞ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከጀርባ የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ምክርና ብድር እንደነበረ ተነጋገርን። ከዚያ በኋላ ማንም «ምን አገባን» አላለም። አብዛኞቹ የጫማቸውን ዋጋ ያስታውሳሉ።

«ኒዮሊበራል» የሚለውን ቃል፣ ማለትም መንግሥት እጁን ያውጣ፣ ሁሉም ለገበያ ይለቀቅ የሚለውን አስተሳሰብ፣ ግን ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ አመንትቻለሁ። እኔ ያደግኩት ቃሉ በቴሌቪዥን ዜና ላይ እንደ ስድብ በሚወረወርበት ዘመን ነው። ስለዚህ ለልጆቹ በተግባር ይታያቸው ብዬ የኮቻባምባን ድራማ አዘጋጀን። ኮቻባምባ የቦሊቪያ ከተማ ናት። የከተማዋ ውኃ የውጭ ድርጅቶች ለሚመሩት ኩባንያ ተሰጠ፤ ታሪፉ ናረ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ውሉን አስቀደደ። ባለሀብቶቹ ካሳ ይገባናል ብለው በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ክሱን የተዉት በአገሩ ገንዘብ በ2 ቦሊቪያኖ ነው። በዶላር ሲሰላ በሳንቲም ደረጃ ማለት ነው። ድራማው በመጀመሪያው ቀን መብራት ጠፍቶ ቀረ። በሁለተኛው ቀን ሲታይ፣ ተዋናዩ ሁለቷን ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ሲወረውር አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የዚያን ዕለት የትምህርት ቤታችን ቧንቧ ለአራተኛ ቀን ደርቆ ነበር። ቦሊቪያን ለማስረዳት ብዙ አልደከምኩም።

አሁን ወደ ታኅሣሱ ጉዞ ልምጣ። አንድ ቅዳሜ በቅጥቅጥ ወደ ይርጋጨፌ ወረድን። የኪራዩን ግማሽ ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ቆሎ ሸጠው አዋጡ። የቀረው ከየት እንደመጣ ባለቤቴ ታውቃለች።

የገባነው አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው። እሸቱ ሲፈለፈል፣ ገንዳ ውስጥ ሲታጠብ፣ አልጋ ላይ ሲሰጣ አየን። ሴቶች አልጋውን ከበው የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ፤ ሁለቱ የልጆቻችን እናቶች ሆነው ተገኙ። ልጆቹ በራሳቸው ዞረው የጣቢያውን ጓሮም አዩ። የእጥበቱ ውኃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ሞልቶ ወደ ወንዙ ይፈሳል። ይሸታል። ታች ደግሞ ሰው ጀሪካን ይሞላል። «ንጹሑ ቡና ለነሱ፣ እጣቢው ለኛ» ብላ አንዷ ደብተሯ ላይ ጻፈች። እኔ እንደዚህ ብላችሁ ጻፉ አላልኩም።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ቡናቸውን አስረክበው ደረሰኝ እየጠበቁ ነው። ልጆቹ ከበቧቸው። ዘንድሮ ዋጋው ጥሩ ስለሆነ ፊታቸው ፈክቷል። እሳቸው ግን ጠያቂ ሆነው አረፉት። «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። ዋጋውን የሚቆርጠው ማነው?»

ከክበቡ ልጆች ሁሉ ዝምተኛዋ፣ በክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ስልኳን አውጥታ አሳየቻቸው። «ይሄ የኒውዮርክ ዋጋ ነው፣ አባባ። ነጋዴዎቹ በየቀኑ ይሄን ነው የሚያዩት።»

«ሰውየው ቡና አለው?»

«ሰው አይደለም፣ ገበያ ነው።»

«ገበያ ከሆነማ ፊቱን ባየሁት ነበር። እኔ ገበያ ስወጣ የምከራከረውን ሰው አየዋለሁ።»

አንዱ ልጅ ጣልቃ ገባ። «ዘንድሮ ዋጋው ወጥቶልዎት የለ? ታዲያ ምን ያስከፋል?» ሽማግሌው ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዱ። የአንድ ኪሎ እሸት ዋጋ ለአንድ ሳሙና አልበቃ ብሎ ፍሬውን ዛፉ ላይ የተዉበትን ዓመት አነሱ። ትልቁ ልጃቸው ከ8ኛ ክፍል የቀረው ያኔ ነው። «ዛፉ ያው ነው። እጄም ያው ነው። ምን ተገኘብኝ?» አሉ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ዘፈን አልነበረም። ልጅቷ አጠገቤ መጥታ «ቲቸር፣ ያን ጊዜ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። አብረን ፈለግን። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ቡና አምራችና ገዢ አገሮች በውል የታሰሩ ነበሩ። ዋጋ ሲወርድ እያንዳንዱ አምራች የሚልከው መጠን በኮታ ይገደብ ነበር። ኢትዮጵያም ነበረችበት። የኮታው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1989 ፈረሰ። ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል ተባለ። ወዲያው ዋጋው በግማሽ ገደማ ወደቀ። ቆይቶ ቬትናም በብዛት ገባችበት፤ ብራዚልም አሰፋች፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የአንድ ፓውንድ ቡና የዓለም ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሆነ። ሐረርጌ ላይ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ብዙ ነው። የዘንድሮውስ? ብራዚል ድርቅ ስለመታት ነው። በየካቲት የኒውዮርኩ ዋጋ ከ4 ዶላር አለፈ። «እኛ የምንስቀው የብራዚል ገበሬ ሲያለቅስ ነው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህን ሁሉ በጌዴኦኛ በስልኳ ቀዳችው። ዘጠኝ ደቂቃ ነው። «ኮታ» ለሚለው ቃል አቻ አጥታ፣ ቡና ሻጮች ሁሉ በሩ ላይ ሳይጋፉ በየተራ እንደሚገቡ አድርጋ ገለጸችው። በሚኒ ሚዲያ አሰማነው፤ ግቢው ጸጥ አለ። ከዚያ በዘመድ በኩል ለሽማግሌው ተላከ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፦ «ውሉ ምን እንደነበር ገብቶኛል። ለምን እንዳፈረሱት ግን አልገባኝም፤ መልሰሽ ንገሪኝ።» አሁን ሁለተኛውን እየቀዳች ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሁለት ነገር ሠራን። አንደኛው የስማችን ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር መቃወሙን፣ የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስም በሰኔ 1999 ዓ.ም. ከኛ ጋር መስማማቱን አጠናን። ጎረቤታችን ከተማ ስሟን ለማስከበር ጠበቃ ያስፈልጋታል ብሎ ማን ያስባል?

ሁለተኛው የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ወጥቶ ትግበራው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ቡናው ደን ተመንጥሮ ካልተመረተ መሬት መምጣቱን በካርታ ማስረዳት ይጠይቃል። ዓላማውን አልነቅፍም። ነገር ግን ቡናን ከእንሰትና ከትልልቅ ዛፎች ጋር አብሮ ያኖረ የጌዴኦ ገበሬ፣ መልክዓ ምድሩ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በዩኔስኮ የተመዘገበለት ገበሬ፣ አሁን ደን አለመጨፍጨፉን በስልክ እንዲያስረዳ ይጠበቃል። ልጆቹ የስድስት ቤተሰብ ማሳ ነጥብ ወስደዋል። ዛፉ ጥቅጥቅ ባለበት ሁሉ ስልኩ ቦታውን ይስታል።

የጎደለውን ልናገር። የግድግዳ መጽሔታችን አንድ ጊዜ ብቻ ወጣ። የወንዙን ውኃ ልንመረምር አስበን ኬሚካል ስላልነበረ ቀረ። ፕሮጀክተሩ ከመጋቢት ጀምሮ አይሠራም። ኢንተርኔቱ በኔ ካርድ ነው። የስፖርት ክበብ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ማሊያ መቀየሩን አልቃወምም፤ ልጆቹ ያምርባቸዋል። እኛ ማሊያ አንፈልግም።

ለ2018 የምንፈልገው የሁለት ጉዞ መኪና ኪራይ፣ አንድ የድምፅ መቅጃና የውኃ መመርመሪያ ዕቃ ነው። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ዝርዝሩ ደርሶታል። ቡና ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ገንዘብ ባይኖራችሁም ኑ፤ የድሮውን ዋጋ የምታስታውሱ ሰዎች ያስፈልጉናል። ረቡዕ ከ9፡30 በኋላ ከላብራቶሪው ጀርባ ያለው ክፍል ውስጥ ነን። በሩ ቁልፍ የለውም፤ ገፋ ማድረግ ብቻ ነው።