ጉዳዩ፦ ልጆች በየዕለቱ የሚናገሩትን እንግሊዝኛ ይመለከታል

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ፣

በወላጆች ስብሰባ ደጋግማችሁ የምታነሱት ጥያቄ አለ፤ «ልጄ በግራመር ፈተና ጥሩ ያመጣል፣ ሲናገር ግን ለምን ይበላሽበታል?» ፈተና ላይ ማሰቢያ ጊዜ አለው። ሲያወራ ግን በአማርኛ የመጣለትን እንዳለ ነው የሚያወርደው።

«ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነኝ» ለማለት «አይ አም ሂር ሲንስ ሞርኒንግ» ይላል። በአማርኛ «ነኝ» ይበቃል። እንግሊዝኛ ግን ቀደም ብሎ ጀምሮ እስካሁን የዘለቀውን ነገር በ«አም» አይገልጸውም፤ «አይ ሃቭ ቢን ሂር ሲንስ ዚስ ሞርኒንግ» ነው የሚባለው። «ኦፕን ዘ ቲቪ»ም ቴሌቪዥን ክፈት ከምንለው የመጣ ነው፤ ትክክሉ «ተርን ኦን ዘ ቲቪ» ነው።

«ዲድ ዩ ዌንት?» ግን ሌላ ነው። ልጁ የ«ጎ» ኃላፊ ጊዜ «ዌንት» መሆኑን በደንብ አጥንቷል። የቀረው «ዲድ» ከገባ ኃላፊ ጊዜውን እሱ ስለሚያሳይ ግሡ ወደ «ጎ» እንደሚመለስ ማወቅ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ስህተት ብዙም አያሳስበኝም፤ የሚያጠና ልጅ ነው የሚሳሳተው።

እባካችሁ ልጁ እያወራ አታቋርጡት። «ማይ ቲቸር ኤክስፕሌይንድ ሚ» ካለ፣ ተሳሳትክ ከማለት «ኦ፣ ሺ ኤክስፕሌይንድ ኢት ቱ ዩ? ዋት ዲድ ሺ ሴይ?» ብላችሁ ጨዋታውን ቀጥሉ። ትክክለኛውን ይሰማል፣ ወሬውም አይቆምም። ቀይ እስክሪብቶውን ለመምህራን ተዉልን። እንግሊዝኛ የማትናገሩ ወላጆችም ውሎውን በአማርኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲተርክላችሁ አድርጉ፤ ሐሳብን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ በየትኛውም ቋንቋ ያስፈልገዋል።

በፈተና እርማት ላይ «ጨርሰሃል ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ የትኛው አባባል ትክክል ነው በሚል ለቀረበው ቅሬታ፦ «ሃቭ ዩ ፊኒሽድ የት?» በብሪታንያ እንግሊዝኛ የተለመደው ነው፤ «ዲድ ዩ ፊኒሽ የት?» ደግሞ በአሜሪካው በብዛት ይሰማል። ሁለቱንም እንቀበላለን፤ ማርክ አይቀነስም። በዚህ ምክንያት ነጥብ የተቀነሰበት ተማሪ ካለ የፈተና ወረቀቱን ይዞ የእንግሊዝኛ መምህሩን ያነጋግር።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር